መብቱ ነው፤ ልክ ነው ወይ?

እንግሊዝኛ ብዙ ሸክም የሚያሸክማቸው ትንንሽ ቃላት አሉት። ከነዚህ አንዷ «ራይት» ናት። ቀኝ እጅም «ራይት» ነው፤ የሒሳቡ መልስ ሲገጥምም «ራይት» ነው፤ የዘጠና ዲግሪው ማዕዘንም፣ ደግ ሥራም፣ ማንም ሊነፍገን የማይገባ ነገርም ሁሉም «ራይት» ነው። በአማርኛ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል እጠራለሁ የሚል ቢነሣ ሳቅ በሳቅ እንሆናለን። እኛ ቀኝ፣ ልክ፣ ትክክል፣ ቀጥ ያለ፣ ርቱዕ፣ ተገቢ፣ መብት እያልን ለእያንዳንዱ የየራሱን ስም ሰጥተነዋል።

በየመማሪያ ክፍሉ አንድ ወሬ አይጠፋም፤ አማርኛ ለፍልስፍና ቃል ያጥረዋል ይባላል። በሌላው ቃል ላይ ልከራከር አልመጣሁም። በዚህች ቃል ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል፤ እነሱ አንድ ላይ አጣብቀው ያስቀመጡትን እኛ ለያይተን ይዘነዋል፤ በመለያየታችንም የምናየው ነገር አለ።

የእንግሊዝኛው ቃል ሥሩ «ቀጥ ያለ» ማለት ነው። የፈረንሳዩ «ድርዋ»፣ የጀርመኑ «ሬኽት»ም ከዚያው ከቀጥታ የተነሡ ናቸው፤ በነዚህ በሁለቱ ቋንቋዎች ደግሞ ያው ቃል ሕግ ማለትም ይሆናል። ይህ ሥዕል ለእኛም እንግዳ አይደለም። ግዕዝ «ርቱዕ» ይላል፤ ቀጥ ያለ፣ የቀና ማለት ነው። አንደበተ ርቱዕ የምንለው ሰው፣ ርትዕት ሃይማኖት የምንላት፣ የሕግ ተማሪዎች «ፍትሕና ርትዕ» እያሉ የሚያጠኑት፣ ሁሉም ከዚሁ ግንድ ነው። ስለ ቀኝ እጅ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቃሉን ብንለይም ግራን መጠርጠሩን እኛም አልተውነውም። ነገር ሲጠፋብን «ግራ ገባኝ» እንላለን፤ ተቆጥቶ የዋለውን ሰው «በግራ ጎኑ ተነሥቶ ነው» እንለዋለን። (በግራ እጁ በመጻፉ ጣቱን የተገረፈ ልጅ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል።)

ይልቅ ወደ ሦስቱ ዋና ቃላት እንምጣ።

«ልክ» ከመለካት የመጣ ነው። «ልክ ነህ» ስንል እንደ ልብስ ሰፊ ነው የምንናገረው፤ ቃልህ ከነገሩ ጋር ሲለካ ገጠመ ማለታችን ነው። ታዲያ ያው ቃል ዞሮ ደግሞ «ልክህን እወቅ» ይሆናል፤ ሲብስም «ልክህን አሳይሃለሁ»። እውነት ተናገርክ የምንልበት ቃልና አፍህን ዝጋ የምንልበት ቃል አንድ መሆኑ ያስገርማል። ማነው ለኪው? ሜትሩስ በማን እጅ ነው? ታናሽ በታላቁ፣ ተማሪ በመምህሩ፣ ባለጉዳይ በጸሐፊው ፊት ሲቆም «ልክ» የትኛውን ፍቺ እንደሚይዝ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

«ትክክል» የተሻለ ጠባይ አለው። ከ«ተካከለ» የመጣ ነውና ውስጡ እኩልነት አለ። የሚዛን ሁለት ወገን ሲተያይ ትክክል ሆነ እንላለን።

«መብት» ግን ሌላ ቤተሰብ ነው። ከግዕዙ «መባሕት» የመጣ ነው፤ ፈቃድ፣ ሥልጣን ማለት ነው። እንግዲህ «መብቴ ነው» ስንል በቃሉ ሥር «ተፈቅዶልኛል» የሚል አለ። ፈቃድ ካለ ደግሞ ፈቃጅ አለ። ለረጅም ዘመን ፈቃጁ ማን እንደነበር እናውቃለን፤ የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ራሱ ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ተብሎ ነው የቀረበው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 10 ሰብአዊ መብት ከሰው ተፈጥሮ የሚመነጭ ነው ሲል ፈቃጁን ከመሐል አወጣው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፤ ጆሮአችን ግን ገና አልደረሰበትም። አንድ ሰው ጥያቄ ሲያነሣ ቀድሞ የሚመጣው መልስ «ማን ፈቀደልህ?» አይደለም እንዴ?

ቃል የተወለደበት ቦታ እስር ቤቱ አይደለም፤ ይህን እቀበላለሁ። ዛሬ «መብት» የሚል ሰው ስለ ግዕዝ አያስብም። ሆኖም ከ«ልክ» ተለይቶ መወለዱ አንድ ጥቅም ሰጥቶናል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ልደታ ስንል ለብዙው የአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ የሚመጣለት ወይ ቤተ ክርስቲያኗ ናት ወይ ፍርድ ቤቱ። ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ፋይል በላስቲክ ጠቅልለው ከሚቆሙት ባለጉዳዮች መሐል አንድ ወንድምና አንዲት እህት አሉ እንበል። እናታቸው ሞታለች። እህትየው ሳታገባ ከእናቷ ጋር ኖራ አሥር ዓመት አስታማለች፤ ወንድምየው ርቆ ኖሮ ለቀብር መጣ። አሁን የቤቱን ግማሽ ይጠይቃል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች እኩል ይወርሳሉ ይላል፤ አስታማሚና ሩቅ ነዋሪ ብሎ አይለይም። ቤቱ የማይከፈል ከሆነ በሐራጅ ተሽጦ ገንዘቡ ይካፈላል። እሷም ዕቃዋን ይዛ ትወጣለች።

ጎረቤት ምን ይላል? «መብቱ ነው፤ ልክ ግን አይደለም»። ይህችን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ለመናገር ሞክሩ፤ «ራይቱ ነው፤ ራይት ግን አይደለም» ትሆናለች። የነሱ ፈላስፎች «ጥፋት የመሥራት መብት ሊኖር ይችላል ወይ?» እያሉ በዚሁ ላይ ብዙ ጽፈዋል፤ ቃላቸው ራሱ ተቃርኖ ያስመስለዋልና። የልደታ ጎረቤት ግን ቡና እየጠጣ ያለ ምንም ጭንቀት ይናገረዋል።

የሚያስቸግረው ከዚህ በኋላ ነው። «ትክክል»ን ከጠየቅነው ከወንድሙ ጋር ይቆማል፤ ግማሽ ለግማሽ ከዚህ የበለጠ ምን እኩል አለ? «ልክ» ግን አሥሩን ዓመት ይለካል፤ የታጠበውን አንሶላ፣ ያለፈውን የጋብቻ ዕድሜ ይቆጥራል። እንግዲህ ሁለቱ ቃላት ተመሳሳይ ናቸው ብሎ መዝገበ ቃላት ቢያስቀምጣቸውም በዚህች ቤት ላይ ተጣሉ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ዳኛው «ልክ»ን ተከትሎ ለእህትየው ይፍረድላት ይላሉ። እኔ አልስማማም። ስሜቱ ይገባኛል፤ ግን ዳኛ «ልክ» የመሰለውን ሁሉ ይፍረድ ከተባለ ያ ቃል የሚዞርበትን መንገድ አይተናል፤ ዛሬ ለአስታማሚዋ የለካ ሜትር ነገ «ልክሽን እወቂ» ሊላት ይችላል። ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል ትውረስ የተባለው በዚያው ደረቅ በሆነው የእኩልነት ቃል ነው፤ ለኪዎቹ ሽማግሎች ብቻ በነበሩበት ብዙ ቦታ ድርሻዋ የት እንደሚገባ እናቶቻችን ያውቃሉ። መብት ደረቅ መሆኑ ለደካማው መጠጊያው ነው።

«ፍትሕ» የሚለው ቃልስ? ግዕዙ «ፈትሐ» ነው፤ ፈረደም ፈታም ማለት ነው። ቋጠሮን የፈታ፣ እስረኛን የፈታ፣ ነገርን የፈታ። በዚህ ሚዛን ካየነው በሐራጅ የተሸጠው ቤት ጉዳይ ተፈረደ እንጂ ተፈታ ለማለት ይከብዳል። ዳኛው የሚችለውን አድርጓል፤ ወንድሙ ግን ገና ምንም አላደረገም። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወራሾች ተስማምተው እንደፈለጉ እንዲካፈሉ ይፈቅዳል፤ ውርስን አልፈልግም ማለትንም አይከለክልም። ቤቱን ለእህቱ ቢተውላት ማንም «ማን ፈቀደልህ?» አይለውም።