«ሶሪ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ ላወያያችሁ የወደድሁት ስለ አንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሏም «ሶሪ» ናት። ከሲቀላ እስከ ሴቻ፣ ከመማሪያ ክፍል እስከ ባጃጅ ውስጥ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደምንላት ቆጥሮ የሚያውቅ የለም። የሰው እግር ስንረግጥ ሶሪ፣ ስናረፍድ ሶሪ፣ የሰው ስም ስናጠፋም ሶሪ እንላለን። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ይህን ሁሉ ሸክም አንድ ቃል ሊሸከመው ይችላልን?

አስቀድመን የቃሉን ትርጉም እንመርምር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በዚህ በአንድ ቃል ቢያንስ አራት ነገር ይናገሩበታል። አንደኛ፣ በሌላው ላይ በደረሰው መከራ ማዘናቸውን ይገልጹበታል፤ ወላጅ ለሞተበት ሰው ሶሪ ይሉታል። ሁለተኛ፣ በራሳቸው ጥፋት ሲጸጸቱ ይሉታል። ሦስተኛ፣ የትሕትና ቃል ብቻ ይሆናል፤ የተነገረውን ሳይሰሙ ሲቀሩ ሶሪ ብለው ያስደግሙበታል። አራተኛ፣ የተጎሳቆለና የሚያሳዝን ነገር የሚገለጽበት ቅጽል ነው። የቃሉ ሥር በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሕመምና ቁስል ከሚለው ቃል የወጣ ነው። እንግዲህ ቃሉ ሲፈጠር ቀላል አልነበረም፤ ሕመም ነበረበት። ያቀለልነው እኛ ተናጋሪዎቹ ነን።

በእኛ ቋንቋ ግን ለእነዚህ ነገሮች ልዩ ልዩ ቃላት አሉን። ለሐዘንተኛ «እግዚአብሔር ያጽናህ» እንላለን እንጂ ይቅርታ አንልም። ያልሰማነውን ለማስደገም «አቤት?» እንላለን። ላጠፋነው ጥፋት ግን «ይቅርታ» እንላለን። ይቅርታ «ቀረ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ በደሉ ይቅር፣ ይተው ማለት ነው። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክኛም ይቅር ለማለት የሚያገለግለው ግሥ መተው፣ መልቀቅ የሚል ትርጉም አለው።

በዚህ ላይ ልብ እንበል። ሶሪ የሚል ሰው ስለ ራሱ ስሜት ይናገራል፤ አዝኛለሁ ማለቱ ነው። ይቅርታ የሚል ሰው ግን ይለምናል። በደሉን ሊተወው የሚችለው ተበዳዩ ብቻ ስለሆነ መልሱ ያለው በበዳዩ እጅ አይደለም። ስለዚህ ሶሪ ብሎ መንገዱን መቀጠል ይቻላል፤ ይቅርታ ጠይቆ ግን መልሱን ሳይጠብቁ መሄድ አይቻልም። በሰሜን ባላገሮቻችን ዘንድ በዳይ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት የሚቀርበው በዚሁ ምክንያት ነው። አውርድ እስኪባል ድረስ አያወርድም።

ቤተ ክርስቲያናችንም ከዚህ በላይ ታስተምረናለች። ንስሐ መመለስ እንጂ ማዘን ብቻ አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል አጥፍቻለሁ ብሎ ብቻ አላበቃም፤ የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። ካሣ የሌለበት ይቅርታ፣ ጥፋተኛው የወሰደውን ይዞ ሰላም እንዲያገኝ መለመን ነውና።

በጋሞ አባቶች ዘንድም «ጎሜ» የሚባል ነገር አለ። ደንብ የጣሰ ሰው ጥፋቱን ከደበቀው ጉዳቱ ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለቤተ ሰቡና ለጎረቤቱም እንደሚተርፍ ያምናሉ። ስለዚህ ነገሩ በሽማግሌዎች ፊት ወጥቶ ይነገራል፤ ለጉባኤና ለእርቅ የሚሰበሰቡበትም ሜዳ «ዱቡሻ» ይባላል። እኛ ክርስቲያኖች የቀድሞውን እምነት ሁሉ ባንቀበልም፣ የተደበቀ በደል ማኅበሩን በሙሉ እንደሚያሳምም ግን ልንክድ አንችልም።

አሁን ደግሞ ወደ አንዲት አስደናቂ ቃል እንምጣ። ሕፃን ተደናቅፎ ሲወድቅ እናቱ ምን ትላለች? «እኔን!» ትላለች። ድንጋዩን በመንገዱ ላይ ያስቀመጠችው እርሷ አይደለችም፤ ጥፋትም የለባትም። ነገር ግን ሕመሙ ከእርሱ ወደ እኔ ይምጣ ማለቷ ነው። የእንግሊዝኛው ሶሪ የመጀመሪያ ትርጉም ወደዚህ ይጠጋል፤ ይህን ያህል ግን አይደፍርም።

ይህን ቃል በሥራ ያየነው በመስከረም 2011 ዓ.ም. በዚሁ በከተማችን በአርባ ምንጭ ነበር። በቡራዩና በአካባቢዋ በጋሞ ተወላጆችና በሌሎችም ላይ ግድያና መፈናቀል መድረሱ በተሰማ ጊዜ፣ የከተማችን ወጣቶች በቁጣ ተነሥተው ለበቀል ወጡ። ያን ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት በአስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹም በአባቶቻቸው ላይ ተረማምደው ማለፍ ስላልቻሉ ተመለሱ።

አንዳንድ ወንድሞች፣ «ያልበደለ ሰው ለምን ይንበረከካል? ይህስ ፍትሕን መርሳት አይሆንምን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አባቶች ግን የተንበረከኩት የሞቱትን ለመርሳት አይደለም። ገዳዮች በሕግ ፊት መቅረብ፣ የተፈናቀሉትም መካስ አለባቸው፤ መንበርከኩ ይህን አይሽረውም። አባቶች የከለከሉት ሁለተኛውን በደል ነው፤ ይኸውም ምንም ባላደረጉ ጎረቤቶቻችን ላይ ሊወርድ የነበረውን። ያላጠፉት አባቶች ስለ ሌላው ጉልበታቸውን ሲሰጡ «እኔን!» ማለታቸው ነበር። ያለ በደሉ ስለ እኛ የተሰቀለውን ጌታ ለምናመልክ ለእኛ፣ ይህ እንግዳ ነገር ሊሆንብን አይገባም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ስለዚህ ቃል እንድጽፍ ያስገደደኝን አሁን ልናገር። ከጥቂት ወራት በፊት ለሻይ ከተዋጣው ገንዘብ ጥቂቱ ጠፋ። እኔም በመዝሙር ጥናት ላይ፣ ሁሉም እየሰማ፣ አንድ ታናሽ ወንድማችንን ጠረጠርሁት፤ በክፉ ቃልም ጠየቅሁት። በሳምንቱ ገንዘቡ በሒሳብ መዝገቡ ሽፋን ውስጥ ተገኘ። እኔ ግን በር ላይ ሳገኘው ትከሻውን ነካ አድርጌ በቀስታ «ሶሪ» አልሁትና አለፍሁ። ስሙን ያጠፋሁት በጉባኤ ፊት ነበር፤ ሶሪ ያልሁት ግን በጆሮው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት እሑድ ቀረ። እኔም ሶሪ ብዬው የለም እንዴ እያልሁ በእርሱ ላይ አኮረፍሁ!

በኋላ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድም ጋር ስለ መታረቅ የተጻፈውን ሳነብ ልቤ ወቀሰኝ። ወደ ቤቱ ሄድሁ፤ በእናቱም ፊት ይቅርታ ለመንሁት። በሚቀጥለው እሑድም በዚያው ጉባኤ ፊት ቆሜ የተናገርሁት ሐሰት እንደ ነበር መሰከርሁ። ወንድማችን ተመልሷል። ሆኖም ቀድሞ ከፊት ይቀመጥ የነበረው ዛሬ ከኋላ ይቀመጣል። ይህን ባየሁ ቁጥር ይቅርታ በአንድ ቀን ቢሰጥም የተሰበረ እምነት ግን ቀስ በቀስ እንደሚጠገን እማራለሁ፤ የምጠብቀውም እኔ ነኝ እንጂ እርሱ አይደለም።

ስለዚህ ሶሪ ማለትን እንተው አልልም። እግር ስንረግጥ ትበቃለች። ነገር ግን የሰው ስም፣ የሰው ገንዘብ ወይም የሰው ልብ በረገጥን ጊዜ በደሉ የደረሰበትን ቦታ እንፈልግ፤ በአደባባይ ከሆነ በአደባባይ ይቅርታ እንጠይቅ፤ የወሰድነውንም እንመልስ። ባላጠፋንበትም ነገር ቢሆን ወንድማችን ሲወድቅ ስናይ «እኔን!» ለማለት የሚችል ልብ እንዲሰጠን አምላካችንን እንለምን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።