ፈለሰ ወይስ ተሰደደ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤ ባለፈው ዘመነ ጽጌ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ጉባኤ ላይ «ወጣት አገሩን ጥሎ ወደ ባዕድ አገር መሄዱ ተገቢ ነውን?» የሚል የክርክር ርእስ ቀርቦ እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። እኔ የተመደብሁት «ተገቢ አይደለም» ከሚለው ወገን ሲሆን፣ ስለ ተመደብሁ ብቻ ሳይሆን ከልቤም አምኜበት ተከራከርሁ። አገሩን ጥሎ የሚሄድ ሰው የእናቱን ማዕድ ንቆ የጎረቤት ድስት የሚያሸት ልጅ ነው አልሁ። እምነት ቢኖረው ኖሮ ባለበት ይጸና ነበር አልሁ። በሌላው ወገን የቆመው ወንድማችን ደግሞ «ወፎች እንኳ ብርድ ሲመጣ ይሰደዳሉ፤ ስደት ተፈጥሮ ነው፤ በተፈጥሮ ላይ ፍርድ የለም» ሲል መለሰ። ጭብጨባው ለእኔ በዛ። ከአዳራሹ በስተኋላ የተቀመጡ አንድ ሁለት እኅቶች አንገታቸውን ደፍተው እንደ ነበረ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ምክንያቱን አልጠየቅሁም።

ማታ እቤት ገብቼ ድሌን ለእናቴ አወራሁላት። ቡና እየቆላች ነበር። እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝና «እኅትህንስ ምን ልትላት ነው?» አለችኝ።

ታላቅ እኅቴ ዓረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት ሥራ ከገባች ስምንት ዓመት ሆኗታል። እውነቱን ለመናገር በክርክሩ ሰዓት ፈጽማ ትዝ አላለችኝም ነበር። «እሷማ ሌላ ናት፤ እሷ የሄደችው . . .» ብዬ ስጀምር እናቴ አቋረጠችኝ። «እሷ መቼ ሄደች? እኛ ሰደድናት እንጂ» አለችና ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

ይህች አጭር ቃል እንቅልፍ ነሣችኝ። ከዚያም ወዲህ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍትም ሆነ በሰንበት ትምህርት ቤታችን መደርደሪያ ስለ ፍልሰትና ስለ ስደት የሚናገር መጽሐፍ ባገኘሁ ቁጥር ማገላበጥ ጀመርሁ።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። በቋንቋችን «ፈለሰ» እና «ተሰደደ» የሚሉ ሁለት ግሦች አሉ። በዕለት ንግግራችን እናቀላቅላቸዋለን እንጂ አንድ አይደሉም። የፈለሰ ሰው ከቦታ ወደ ቦታ የሄደው ራሱ ነው፤ የድርጊቱ ባለቤት እሱ ነው። «ተሰደደ» ግን ከ«ሰደደ» የወጣ ተደራጊ ግሥ ነው። ሰደደ ማለትም ላከ፣ አባረረ፣ ለቀቀ ማለት ነው። እንግዲህ የተሰደደ ካለ የሰደደ አለ ማለት ነው። ይህን የሚለው ፖለቲካ ሳይሆን ሰዋስው ነው። በዚያ ሁሉ ክርክራችን ግን ተሰዳጁን ስንመረምር ዋልን እንጂ ሰዳጁ ማን እንደ ሆነ ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም።

ወንድማችን ወፎችን ስለ ጠራ ወደ ወፎቹ ልሂድ። ነጭ ሽመላ በአውሮፓ በቤት ጣራና በጭስ ማውጫ ላይ ጎጆውን ይሠራል፤ ብርዱ ሲቃረብ ወደ አፍሪካ ይጓዛል። የሚጓዘውም ክንፉን እያርገበገበ ሳይሆን ፀሐይ ያሞቀችው አየር ወደ ላይ ሲነሣ በእሱ እየተንሳፈፈ ነው። በባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር እንደ ልብ ስለማይገኝ ሜዲትራኒያንን ዞሮት ያልፋል። ከምዕራብ የሚነሡት በጂብራልታር ሲሻገሩ፣ ከምሥራቅ የሚነሡት በቦስፎር አልፈው በሶርያና በቅድስት አገር፣ በሲና በኩል አድርገው ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። ከዚያም ወደ ሱዳንና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ብዙዎቹም እስከ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃሉ። የእኛም ስምጥ ሸለቆ ያውቃቸዋል። ነቢዩ ኤርምያስ በ8ኛው ምዕራፍ ሽመላን የጠቀሰው በዚህ መንገድ ላይ በምትገኝ አገር ተቀምጦ ነው። ጊዜዋን የምታውቀውን ወፍ ለሕዝቡ ምሳሌ አድርጎ አቀረባት እንጂ ስለ ሄደች አልነቀፋትም።

አውሮፓውያን ወፎቹ የት እንደሚከርሙ ለብዙ መቶ ዓመታት አላወቁም ነበር። አርስቶትል አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ዓይነት ወፍ ይለወጣሉ ብሎ ያምን ነበር። በሐይቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ይከርማሉ ያሉም ነበሩ። ቻርልስ ሞርተን የተባለ የ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊማ ወደ ጨረቃ ነው የሚሄዱት ሲል ጽፏል! (እኛም ዘመዶቻችን ስለሚኖሩበት አገር የምናወራው አንዳንዴ ከዚህ አይሻልም።) በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1822 በሰሜን ጀርመን ክሉትዝ በተባለች ቦታ አጠገብ አንድ ሽመላ ተመትቶ ሲወድቅ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአፍሪካ ጦር አንገቱን በስቶ ተሰክቶበት ተገኘ። ወፉ እስከ ዛሬ ድረስ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ይገኛል፤ ጀርመኖች «የፍላጻ ሽመላ» ይሉታል። ያን ጦር ተሸክሞ በረሃውን ሁሉ አቋርጦ ወደ ጎጆው ተመልሷል ማለት ነው። ሰዎቹም የት ከርሞ እንደ መጣ ያወቁት ከቁስሉ ነው።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት ቆየሁ። እኅቴ ከሁለት ዓመት በፊት ለዕረፍት መጥታ በነበረ ጊዜ በክንዷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አይተን ነበር። «ካውያ ነው» አለች። እኛም ካውያ ነው አልን። ያመጣችውን ሻንጣ ከፈትን።

ወደ ክርክሩ ልመለስና፣ ወፍ በእርግጥ ይሰደዳልን? ተመራማሪዎች ፈላሽ ወፎችን በሽቦ ቤት ውስጥ አስቀምጠው ተከታትለዋቸዋል። ጥሬውም ውኃውም ሳይጓደልባቸው የመፍለሻው ወራት ሲደርስ ሌሊት ሌሊት ዕረፍት ያጣሉ፤ ጓደኞቻቸው ወደሚበሩበት አቅጣጫ ይዘልላሉ። የሚያባርራቸው የለም፤ ጥሪው ከውስጣቸው ነው። ስለዚህ ወፍ ይፈልሳል እንጂ አይሰደድም። «ስደት ተፈጥሮ ነው» የሚለው የወንድማችን ቃል ርኅሩኅ ቢመስልም፣ ሰዳጁን ከፍርድ የሚያስመልጥ ቃል መሆኑን ልብ ይሏል። ብርድን ማን ይከሳል? እኔ በደሉን በሄደችው ላይ ጫንሁ፤ እሱ በደል የሚባል ነገር የለም አለ። ሁለታችንም አንዱን ሰው ሳናየው አለፍን።

አንድ ሌላ ምርመራም አለ፤ ቢረዝምም እነግራችኋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት ፔርዴክ የተባሉ የሆላንድ ሳይንቲስት ስታርሊንግ የሚባሉ ትናንሽ ፈላሽ ወፎችን በሄግ ከተማ አካባቢ አስይዘው፣ ከ11 ሺህ የሚበልጡትን በአውሮፕላን ወደ ስዊዘርላንድ ወስደው ለቀቁአቸው። ወፎቹ ወደ ሰሜን ፈረንሳይና ወደ ደቡብ እንግሊዝ በመጓዝ ላይ ነበሩ። ከዚህ በፊት መንገዱን የሄዱት አሮጌዎቹ ወፎች ከመንገዳቸው መውጣታቸውን ዐውቀው አቅጣጫቸውን ለወጡና ወደ ለመዱት ቦታ አመሩ። መንገዱን ያልሄዱት ወጣቶቹ ግን በደማቸው የተጻፈውን አቅጣጫ ብቻ ተከትለው ቀጠሉና ደቡብ ፈረንሳይና ስፔን ደረሱ። አቅጣጫውን በትክክል ጠብቀው ሌላ አገር ደረሱ ማለት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ቤተ ክርስቲያን ተክለው፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻቸውን ፊደል ለማስቆጠር የሚደክሙት ለምን እንደ ሆነ የገባኝ በዚህ ነው። አባት የሚመለስበትን ቦታ ያውቃል። ልጅ አያውቅም፤ ሊወቀስበትም አይገባም።

የተመለሰው ሰው ነገርም ቀላል አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» በተባለው መጽሐፋቸው አወቀ የተባለው ልጅ ፓሪስ ሄዶ ተምሮ ሲመለስ፣ በተዝካር ድግስ ሳይቀር ከዘመዶቹ ጋር አልስማማ ይላል። በመንገድ የተለወጠው እሱ ነው፤ ጎጆው ግን እንደ ነበረ ቆየው። እኅቴም መጥታ በነበረ ጊዜ እቤታችን ውስጥ እንደ እንግዳ ፈቃድ እየጠየቀች ትቀመጥ ነበር።

አሁን ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት እንለፍ። አብራም ከካራን ሲወጣ የ75 ዓመት ሰው ነበር፤ የወጣውም ተጠርቶ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን ራብ ሆነና ወደ ግብፅ ወረደ። ያው አንድ ሰው በአንድ ምዕራፍ ውስጥ አንድ ጊዜ በጥሪ፣ አንድ ጊዜ በራብ ሄደ። በመጽሐፈ ሩትም የኑኃሚን ባል ራብ ቢሆን ከቤተ ልሔም ወደ ሞዓብ ሄደ። በክርክሩ ዕለት በነበረኝ መንፈስ ብጽፈው ኖሮ «እምነት ስላነሰው» እል ነበር፤ መጽሐፉ ግን እንዲህ አላለም። በዚያ ፈንታ ሞዓባዊቱ ሩት በተራዋ ስደተኛ ሆና ስትመጣ፣ በቦዔዝ እርሻ ምን እንዳገኘች በሰፊው ይተርካል። ለመጻተኛ ቃርሚያ ይተውለት የሚለው ሕግ ነበረና።

ዘመነ ጽጌስ? ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ድረስ የምናስበው የእመቤታችንን ከልጇ ጋር መሰደድ አይደለምን? በወንጌለ ማቴዎስ ሰዳጁ በስሙ ተጠርቷል፤ ሄሮድስ ነው። በእነዚያ ሌሊቶች በማኅሌት ቆመን እመቤታችንን ለምን ከቤተ ልሔም ወጣሽ ያላት ማንም የለም። ወደ ቁስቋም ያደረሳት መንገድ፣ ሲናና ዓባይ ሸለቆ፣ ሽመላዎቹ የሚወርዱበት አገር መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ ወራቱንም አመሳከርሁ። ከሰሜን የሚመጡ ብዙ ወፎች ወደ እኛ አገር የሚደርሱት በጽጌው ሰሞን ነው። በአንድ አገር፣ በአንድ ሰማይ ሥር አንዱ ፈለሰ፤ አንዷ ተሰደደች።

እኛ ራሳችንስ የስደተኛ ልጆች ነን። ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው የተሳፈሩበት መርከብ ተይዞ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት መጡ፤ በ4ኛው መቶ ዘመንም በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆነው ተሾሙልን። ተሰዓቱ ቅዱሳን ከውጭ የመጡ ናቸው። በ7ኛው መቶ ዘመን የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ተሰደው ሲመጡም የአክሱሙ ንጉሥ አሳልፎ አልሰጣቸውም። ይህን ሁሉ በኩራት እንናገራለን፤ መናገርም ይገባናል። ነገር ግን ከዚያው «ፈለሰ» ከሚለው ግሥ «ፈላሻ» የሚል ስም አውጥተን፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ከእኛ ጋር ሲያርሱ፣ ብረት ሲቀጠቅጡና ሸክላ ሲሠሩ ለኖሩት ቤተ እስራኤል ሰጥተናል። በገዛ መንደራቸው መጻተኛ አልናቸው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከ14 ሺህ የሚበልጡት በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄዱ እነሱ እንደሚሉት ወደ ርስታቸው ሄዱ። እኛ ከሰጠናቸው ስም ግን ምን ያህል የመስደድ ሥራ እንደ ሠራንበት ልንጠየቅ ይገባል እላለሁ።

በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ምድር በግፍ የተገደሉትን ወደ 30 የሚጠጉ ወንድሞቻችንን ዛሬ ሰማዕታት ብለን እናስባቸዋለን። በአንገታቸው ማዕተብ ሳይሆን «ስደተኛ» የሚለውን ስም ብቻ ይዘው ከመሄዳቸው በፊት በእኛ አዳራሽ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ፣ ስለ ጎረቤት ድስት የተናገርሁትን በሰሙ ነበር። እምነት ቢኖረው ባለበት ይጸና ነበር ያልሁትንም።

ይህን ስል የሚሄድ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። አገሩን በእውነት ንቆ የሚሄድ አለ፤ ልጆቹን ጥሎ የሚጠፋና እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ የሚል አባትም አለ። ወደ ራሴ ጉዳይ ስመለስ ግን ነገሩ ይከብድብኛል። የእኅቴ ሄሮድስ ማነው? አባታችን ታሞ በተኛበት ዓመት እሷ 10ኛ ክፍል፣ እኔ 8ኛ ክፍል ነበርን። ሁለታችንንም ማስተማር አልተቻለም። ደላላው መጣ፤ ገንዘብ ተበደርን። ውጤቷ ከእኔ ያንስ ነበር ስንል ኖረናል፤ በቅርቡ ሳጥን ውስጥ የድሮ ካርዷን አገኘሁት፤ አያንስም። ንጉሥ የለም፤ ሰይፍ የለም፤ እናቴ እያለቀሰች ሻንጣ አሰረች፤ እኔም ደብተሬን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድሁ። «እኛ» ያለችው እናቴ እኔን ጨምራ ነው።

እትዬ አሁንም በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማታ፣ አሠሪዎቿ ሲተኙ ትደውላለች። ስለ ክርክሩ አልነገርኋትም። ስለ ካርዱም አልነገርኋትም። «ትምህርት እንዴት ነው?» ትለኛለች። «ደኅና ነው» እላታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ «ክንድሽስ?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም አለችና «የትኛው ክንዴ?» አለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።