ዝግታና ዳተኝነት

ዝግ ማለት በጎ ነውን ወይስ ክፉ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን መልሱን ከራሳችን ቋንቋ የፈለግን እንደ ሆነ ሁለት ዓይነት ሆኖ እናገኘዋለን። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እያልን ጥድፊያን እንነቅፋለን፤ ወዲያውም ሥራው የዘገየበትን ሰው ዳተኛ ብለን እናማዋለን። እንግዲህ የሚመሰገነው ዝግታ ከሚነቀፈው በምን ይለያል? ይህን እንድንመረምር ያነሣሣን ከሕንድ አገር የመነጨውና ዛሬ በአዲስ አበባም ወዳጆች ያሉት ዮጋ የተባለው ልምምድ ነው።

ዮጋ የሚለው ቃል በሳንስክሪት ቋንቋ መጥመድ፣ ማጣመር ከሚል ሥር የወጣ ነው። በሬ ጠምዶ ለሚያርስ ሕዝብ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ቀልጣፋ፣ ሁለተኛው ዘገምተኛ ቢሆን ቀንበሩ ሁለቱንም በአንድ እርምጃ ያስኬዳቸዋል። ሰውነትና ሐሳብም እንዲሁ ናቸው፤ ሰውነታችን ከወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ሐሳባችን ገበያ ውሎ ይመለሳል። የዮጋ መምህራን ትንፋሽን ቀንበር አድርገው ሁለቱን ያጣምዷቸዋል። ልምምዱ ብዙ ዓይነት አለው፤ ፈጣኑ ላብ ያወርዳል። እኛ የምንናገረው ግን አንድ አቋም ይዞ በመቆየትና ትንፋሽን በማስረዘም ስለሚደረገው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም ታኅሣሥ 2 ቀን 2007 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ሰኔ 14 ቀን በየዓመቱ ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን እንዲሆን አድርጓል።

ይሁን እንጂ ዝግታን ለመማር ባሕር መሻገር ግድ አይደለም። በልደታ ሰፈር፣ ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን ልደት ሲከበር ማኅሌት የቆመ ሰው ይህን ያውቃል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በመጀመሪያ በድምፅ ብቻ ይባላል፤ ቀጥሎ መቋሚያው በዝግታ ወዲያና ወዲህ እያለ ይዘመማል፤ ከበሮው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጭብጨባውና እልልታውም ወደ መጨረሻው ይመጣል። የመጨረሻው ፍጥነት ልብን ደስ የሚያሰኘው ረጅም ዝግታ ስለ ቀደመው ነው። (መጨረሻውን ብቻ ለመስማት አርፍዶ የሚመጣ ሰው ጭብጨባ ብቻ ሰምቶ ይመለሳል።) በሶላትም ሰጋጁ በእያንዳንዱ አቋቋም ላይ አካሉ እስኪረጋ መቆየት እንዳለበት የእስልምና መምህራን ያስተምራሉ። ይህን ስንል ስግደትና ዮጋ አንድ ናቸው ማለታችን አይደለም፤ ሰጋጁ የሚሰግድለት አለው።

ስለ ሥጋ ጥቅሙ የተመረመረ ነገር አለ። ጤነኛ ሰው አርፎ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። የኢጣልያው ሐኪም ሉቺያኖ ቤርናርዲና ባልደረቦቹ በ1994 ዓ.ም. በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ባሳተሙት ጥናት 23 ጤነኛ ሰዎች የካቶሊካውያንን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን፣ ደግሞም የዮጋን ማንትራ እንዲደጋግሙ አድርገው ነበር። ሁለቱም ትንፋሽን በደቂቃ ወደ 6 ያህል አወረዱት፤ የልብ ምትና የደም ግፊት መዋዠቅም ከትንፋሹ ጋር ተስማማ። ምክንያቱም አየር ስናስወጣ ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርደው ነርቭ ምቱን ስለሚያቀዘቅዘው፣ ትንፋሹ በረዘመ መጠን ልብ ፋታ ያገኛል። ነገር ግን መቁጠሪያ ይዘው ይጸልዩ የነበሩት ሰዎች ለዘመናት ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር፤ አልፈለጉትምም። ሌላ ሲሹ ጤናው ተጨመረላቸው።

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። በእኛ አስተያየት የሁለቱ ዝግታዎች ልዩነት የሚታወቀው የማን ጊዜ እንደሚወጣ በመጠየቅ ነው። ተመስጦ የሚቀመጥ ሰው የሚያወጣው የራሱን ጊዜ ነው፤ ዳተኛ ግን የሌላውን ያወጣል። በልደታ ፍርድ ቤት ቀጠሮውን የሚጠብቅ ባለጉዳይም ጸጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ሆኖም ጸጥታው በፈቃዱ የመጣ ስላልሆነ ዕረፍት አይሰጠውም። ስለዚህ አንድ ሹም ማለዳ ተነሥቶ ትንፋሹን ካረጋጋ በኋላ ቢሮው ገብቶ ሰውን «ነገ ተመለስ» የሚል ከሆነ፣ መረጋጋቱን የገዛው በሌላ ሰው ገንዘብ ነው። ከዚህም የሚከፋ አለ፤ አቤት ባይ ፊቱ ቆሞ ሲያለቅስ ፊቱ የማይለወጥ ሰው ረጋ ያለ ተብሎ ሊመሰገን ይችላል፤ እኛ ግን እንዲህ ያለውን ደንዛዛ እንለዋለን። በሬውም የሚጠመደው እርሻ ሊታረስበት ነው።

«ባለጉዳይ በር ላይ ተሰልፎ ሳለ ለትንፋሽ ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ሒሳቡን እንሥራው። በደቂቃ 6 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ለአንዱ ትንፋሽ 10 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በቀን 40 ሰው የሚያስተናግድ ጸሐፊ የሚቀጥለውን ከመጥራቱ በፊት አንድ ጊዜ በረጅሙ ቢተነፍስ፣ በጠቅላላው የሚወስድበት 6 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ነው። ይህም ከተሰለፈው ሰው ጊዜ ሳይሆን ከራሱ የሻይ ሰዓት ላይ ሊቀነስ ይችላል።