በሠርግ ቀን ምን ይዘመር? ስለ ዜማ ምርጫ የተጻፈ ምክር

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ በላስታ ደጋ ያለውን ነገር ታውቃለህ። እህሉ ከአውድማ ገብቷል፤ ጠላው ተጠምቋል፤ በየመንደሩም ዳስ ይጣላል። ማታ ማታ ከወዲህ ጉብታ ከበሮ፥ ከወዲያ ጉብታ እልልታ ይሰማል። በዚህ ወራት ወደ እኔ የሚመጡ ወጣቶች አብዝተው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም «በሠርጋችን ምን ይዘመር? ምንስ ይከልከል?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን ስለ እርሱ እናትና ልጅ ሲቀያየሙ፥ ሁለት ቤተ ዘመድም በአንድ ዳስ ውስጥ ተኳርፈው ሲውሉ አይቻለሁ። ስለዚህ የሚመስለኝን እጽፍልሃለሁ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ግን የራሴን ጥፋት እናገራለሁ።

እኔ ከላስታ ገበሬ ቤት የተወለድሁ ነኝ። በልጅነቴ ከአገሬ ርቄ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማርሁ፤ በዚያም ወንጌልን ተቀበልሁ፥ መዝሙርንም ከመጽሐፍ እያነበብሁ መዘመር ለመድሁ። ሚስት ለማግባት ወደ አባቴ ቤት በተመለስሁ ጊዜ ግን ያወቅሁት ጥቂት፥ የተመካሁበት ብዙ ነበረ። «አዝማሪ አይግባ፤ አታሞ አይመታ፤ ዘፈን የተባለ ሁሉ አይሰማ» ብዬ አዘዝሁ። ከእኔ ጋር የተማሩ አራት ጓደኞቼ ደብተር ይዘው ቆሙና ዜማው ከባሕር ማዶ የመጣ፥ ቃሉ ወደ አማርኛ የተመለሰ መዝሙር ዘመሩ። መዝሙሩ መልካም ነበረ። ነገር ግን ከአራቱ በቀር የሚያውቀው አልነበረምና ሰርገኛው ሁሉ ዝም ብሎ አዳመጠ።

እናቴ በዳሱ ቋሚ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። በሠርጌ ቀን ልትለው ያዘጋጀችው ግጥም ነበራት፤ እኔ ሕፃን ሳለሁ ጀምራ በወፍጮ ላይ ስታንጎራጉረው የኖረች ናት። ያን ቀን ግን አፏን ይዛ ዋለች። ማታ ወደ እርስዋ ቀርቤ «እማዬ፥ ስለ ምን ዝም አልሽ?» ብላት «ልጄ፥ አፌ ርኩስ እንደ ሆነ ዛሬ ካንተ ሰማሁ» አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

አንባቢ ሆይ፤ በዚያ ጊዜ የመጽሐፍን ቃል የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። በ1954 ዓ.ም. በታተመው በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፥ ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ ከሥጋ ሥራዎች ጋር «ዘፋኝነት» የሚል ቃል ተቈጥሯል። እኔም ይህን አንብቤ ከመዝሙር መጽሐፍ ውጭ ያለው ዜማ ሁሉ የተከለከለ ነው ብዬ ፈረድሁ። ኋላ ግን ከእኔ የሚበልጡ መምህራን እንዳስረዱኝ፥ በግሪክኛው በዚያ ስፍራ ያለው ቃል «ኮሞስ» ይባላል፤ ትርጓሜውም በስካር የሚደረግ የሌሊት ፈንጠዝያ ማለት ነው። ከስካር ጋር ተጎራብቶ የተጻፈውም ስለዚህ ነው።

በዚያው መጽሐፍ ደግሞ የሉቃስን ወንጌል 15ኛ ምዕራፍ ብንመለከት፥ የጠፋው ልጅ በተመለሰ ጊዜ ከአባቱ ቤት የመሰንቆና የዘፈን ድምፅ ይሰማል። ያ አባት የማን ምሳሌ እንደ ሆነ ሁላችን እናውቃለን። ድምፁን ሰምቶ ተቈጥቶ ከውጭ የቀረው ታላቁ ልጅ ነበረ፤ በሥራ የደከመ፥ ትእዛዝ ያልተላለፈ፥ በወንድሙ ደስታ ግን ያልተደሰተ። እኔም ያን ምዕራፍ ባነበብሁ ቁጥር ከደጅ የቆመው ራሴ እንደ ሆንሁ ይታየኛል።

መሣሪያውማ ምን በደለ? መሰንቆ በቁርበት የተለበጠ የእንጨት ገበታ ነው፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር አለው፤ በደጋንም ይመታል። «አዝማሪ» የሚለው ስም ራሱ «ዘመረ» ከሚለው ከግእዙ ቃል የወጣ ነው፤ «መዝሙር»ም የወጣው ከዚያው ነው። ሁለቱ ቃላት የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ከበሮም እንዲሁ ነው። በላሊበላ በልደት ቀን ካህናቱ በቤተ ማርያም፥ እኩሌቶቹ ከዐለቱ አፋፍ፥ እኩሌቶቹም ከታች ከቅጽሩ ቆመው ቤዛ ኩሉን ሲዘምሩ፥ ከበሮው ሕዝቡን ሁሉ አንድ ልብ ያደርገዋል። በ150ኛው መዝሙርም ነቢዩ ከበሮንና አውታር ያላቸውን መሣሪያዎች ለምስጋና ይጠራቸዋል። እንግዲህ በእንጨትና በቁርበት ላይ አንፍረድ፤ በእነርሱ ታጅቦ ከአፍ የሚወጣውን ቃል እንመርምር እንጂ።

ምናልባት አንተ «እንዲህ ከሆነ ሁሉም ተፈቅዷልን?» ትል ይሆናል። አይደለም። ከሠርግ ቤት ልናርቃቸው የሚገባ ሦስት ዓይነት ዘፈኖች አሉ፤ ሦስቱም ሰውን ስለሚጎዱ ነው።

አንደኛው፥ አንዱን ለማክበር ሌላውን የሚያዋርድ ነው። አዝማሪ በዳስ ውስጥ ሲዞር ታድሞ ያለው ሰው «ተቀበል!» እያለ ግጥም ይሰጠዋል፤ እርሱም ተቀብሎ ያዜመዋል። ገንዘብ የሸለመው ይወደሳል፤ በበሩ አጠገብ የተቀመጠው ድኃ ዘመድ ግን ስሙ አይነሣም፥ ወይም ለሣቅ ይነሣል። ይህ ኃጢአት የአዝማሪው ብቻ አይደለም፤ ግጥሙን ያቀበለውም፥ ሰምቶ የሣቀውም ተካፋዮች ናቸው። በ1ኛ ሳሙኤል በ18ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን አስታውስ። ዳዊት ፍልስጥኤማዊውን ገድሎ ሲመለስ ሴቶች ከበሮ ይዘው ወጡ፤ ሳኦልን በሺህ፥ ዳዊትን በዐሥር ሺህ ቈጥረው አዜሙ። ነገሩ የደስታ ዘፈን ነበረ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳኦል ዳዊትን በቅንዓት ዐይን ተመለከተው፤ በማግሥቱም ጦር ወረወረበት። እንግዲህ አዝማሪ የምትጠራ ብትሆን አስቀድመህ ከእርሱ ጋር ተነጋገር፤ የማይነሣውን ነገር ንገረው፤ ዋጋውንም ሳታጓድል ክፈለው፤ ለእንጀራው ሲል ሰውን ሊያሞግስና ሊያዋርድ እንዳይገደድ።

ሁለተኛው፥ ልቅሶን ለመሸፈን የሚዘፈን ነው። ሙሽሪት ከአባትዋ ቤት ስትወጣ ማልቀስዋ ልማድ ነው፤ ስለ መለየት የሚዜመውም እውነተኛ ነውና አልነቅፈውም። እኔ የምለው ስለ ሌላ ልቅሶ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመትዋ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አደረገው። ሕጉ ይህን ቢልም፥ በደጋው መንደሮች ዕድሜዋ ሳይደርስ፥ ፈቃድዋም ሳይጠየቅ የምትዳር ልጅ አልጠፋችም። በእንዲህ ያለ ሠርግ የትኛው ዜማ ይመረጣል? አንዱም አይመረጥም። እግዚአብሔር በነቢዩ በአሞጽ አፍ፥ ፍርድ ከጎደለበት ቤት የሚወጣውን ዝማሬ አልሰማም ብሏል። ልጅቱ በጓዳ እያለቀሰች በዳሱ መዝሙረ ዳዊት ቢዘመር፥ ያ መዝሙር ከሰካራም ዘፈን ይልቅ የከፋ ነው፤ የእግዚአብሔርን ስም ለግፍ መጋረጃ አድርጎታልና። አንተ መዘምር ብትሆን ወደዚያ አትሂድ፤ የምትሄድም ብትሆን ወደ አባትዬው ሂድና ሽማግሌ ሆነህ ለምነው።

ሦስተኛው፥ የጎረቤትን ኀዘን የሚረሳ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ላስታ ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በአማራ አገር ሌላ ውጊያ ተነሣ። በእነዚህ ዓመታት ልጁን ያልቀበረ ወይም ለሚቀብር ያላለቀሰ መንደር ጥቂት ነው። በዛሬው ዘመን ደግሞ በሠርግ ቤት ድምፅ ማጉያ ይተከላል፤ ድምፁም ኀዘንተኛዋ ከተቀመጠችበት መደብ ድረስ ይገባል። ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች በ12ኛው ምዕራፍ ከሚደሰቱት ጋር መደሰትንና ከሚያለቅሱት ጋር ማልቀስን በአንድነት አዟል፤ አንዱን መርጠን ሌላውን እንድንተው አልፈቀደልንም። ስለዚህ ከበሮው ሳይመታ በፊት ሽማግሌ ወደ ኀዘንተኛው ቤት ይላክ፤ ፈቃዱም ይጠየቅ። እርሱ «ምቱ፥ የልጆቹን ደስታ አልከለክልም» ቢል ምርቃት አገኛችሁ። ዝም ቢል ግን ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ በእጅ ጭብጨባ ብቻ የተዋለ ሠርግም ሠርግ ነው።

እንግዲህ የሚመረጠው ምንድር ነው ብትለኝ፥ ጊዜውን ለይተህ ምረጥ እልሃለሁ። ሙሽሮቹ በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ቃል ኪዳን በሚገቡበት ሰዓት የሚዘመረው ቃሉ ግልጥ፥ ዜማውም ጉባኤው ሊቀበለው የሚችል ይሁን። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በ14ኛው ምዕራፍ በመንፈስም በአእምሮም መዘመርን ያስተምራልና። ከባሕር ማዶ የመጣውን ዜማ አልንቅም፤ እኔ ወንጌልን የተማርሁት በእርሱ ነው። ነገር ግን የገዛ አገራችን ዜማ ምስጋናን ለመሸከም አቅም አያንሰውም። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፥ አምባሰልና ባቲ፥ ስማቸው የወሎ አገር ስም ነው፤ ከትዝታና ከአንቺሆዬ ጋር ዛሬ በብዙ ጉባኤ ይዘመርባቸዋል። ያልተማረችው አሮጊት ሁለተኛውን ዙር ሳትጠራ ትቀበላለች። የሙሽራው ወይም የሙሽሪት ቤት የተዋሕዶ ሃይማኖት ተከታይ ሆኖ በተክሊል የሚያጋቡ ብትሆኑ ግን፥ የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግእዝ፥ በዕዝልና በአራራይ የራሱ ሥርዓት አለው፤ እርሱን ማሰናዳት የካህናቱ ነው፥ የእኛ ድርሻ በአክብሮት መቆም ነው።

ቃል ኪዳኑ ከተፈጸመ በኋላ በዳሱ ውስጥ ለእናቶችና ለሽማግሎች ጊዜያቸውን ስጣቸው። ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከእጮኛህ ጋር ሆናችሁ ከሁለታችሁ እናቶች ዘንድ ተቀመጡና «በዚያ ቀን ልትሉት ያሰባችሁት ምንድር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቃሉን ስሙት። የሚያዋርድ ነገር ቢኖርበት በትሕትና «ይህችን ስንኝ በሌላ ብንለውጣት» በሉ፤ እነርሱ ከእናንተ ይልቅ ግጥም ያውቃሉና የተሻለውን ወዲያው ያገኛሉ። እናትና አባትን ማክበር ከዐሥሩ ትእዛዛት አንዱ ነው፤ በሠርግ ቀን የሚሻር ትእዛዝ አይደለም።

እኔ ይህን ሳላደርግ ቀረሁ። እናቴ ካረፈች በኋላ ያን ግጥም የሚያውቅ ፈለግሁ፤ አብረዋት ሲፈጩ የነበሩ ሴቶችን ጠየቅሁ። ዜማውን የምታስታውስ አንዲት አገኘሁ፤ ቃሉን ግን እርስዋም ረስታዋለች። ለእኔ የተሰናዳው ምርቃት ምን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንተ ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ እናትህ በሕይወት ካለች ጊዜ አለህ። ዛሬ ማታ ሂድና ጠይቃት።

በቃና ዘገሊላ ሠርግ የተገኘው ጌታ በሠርጋችሁ ይገኝ። አሜን።