የራስን ጉዳይ መዳኘት

ድሮ መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች ያገኙትን አላፊ አግዳሚ «ዳኘን!» ይሉት ነበር። ሰውየው ሕግ ላያውቅ ይችላል፤ ብቻ በጠባቸው ውስጥ እጁ የለበትም።

በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ሲራዘም ይኼ ወግ ትዝ አለኝ። ግንቦት ላይ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የሕግ ባለሙያዎችን በቴሌቪዥን ሲያሟግት ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ፈዝዤ አየሁ። ደስ ይል ነበር፣ አይዋሽም! ግን ጉባኤው የውሳኔ ሐሳብ ነው የሚያቀርበው። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም የመጨረሻው ሥልጣን፣ በአንቀጽ 83፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። እሱም ሰኔ 3 ቀን የምክር ቤቶች የሥራ ዘመን እንዲቀጥል ወሰነ፤ የራሱንም ጭምር።

በወረርሽኝ መሀል እንሰለፍ አላልኩም። ጠበቃ ወዳጄን ግን «ለፍርድ ቤት ቢሰጥስ?» አልኩት።

«ያልተመረጠ ዳኛ የሕዝብ ተወካይ የወሰነውን ይሻር?»

እውነቱን ነው፤ ዳኛ ቢሳሳት በምርጫ ካርድ አላወርደውም። ቢሆንም ያንን አላፊ አግዳሚ እመርጣለሁ። ቢያንስ ወንበሩ የእሱ አልነበረም።