በተዋስኩት ካርታ

 

ዛሬ ስለ ካርታ ላወራችሁ ነው። ስለ ቁማሩ አይደለም፤ የቁማር ሐራምነት ለእናንተ አዲስ አይደለም። ዶርም ውስጥ አንዱ ተነስቶ «እስቲ ካርታችሁን አውሱኝ» ይልና የመረጣችሁትን ካርታ ሳያይ መዝዞ ስለሚያወጣው ትርዒት ነው። እኔም በተማሪነቴ እችል ነበር።

ምስጢሩ ቀላል ነው። ካርታውን ስበውዝ ከሥር ያለችውን ሰረቅ አድርጌ አያታለሁ። የልብ ሰባት ናት እንበል። አንዱን «ምረጥ፣ ለእኔ አታሳየኝ፣ ከላይ አስቀምጣት» እለዋለሁ። ቀጥሎ «ራስህ ቁረጠው» እለዋለሁ። ከላይ ያለውን ግማሽ አንስቶ ያስቀምጥና የታችኛውን ይደርብበታል። አሁን የልብ ሰባት ልክ ከእሱ ካርታ በላይ ተቀምጣለች። አንድ በአንድ ስገልጥ ሰባቷ ብቅ ስትል ቀጣይዋ የእሱ ናት። አለቀ።

ጉልበቱ ያለው ግን ካርታው የተዋሰ መሆኑ ላይ ነው። የራሴ ቢሆን «ምልክት አድርጎበታል» ይሉኛል። የእነሱ ሲሆን የጥርጣሬውን በር ራሳቸው ይዘጉልኛል።

ሁለተኛ ዓመት እያለሁ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ይህንኑ አሳየሁ። ክፍሉ በሳቅና በጩኸት ተሞላ። ሁሉም ከተኛ በኋላ ከገጠር የመጣ ዝምተኛ ልጅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቤተሰቦቹ የላኩለት 600 ብር ከሻንጣው ጠፍቷል። ያኔ ብዙ ገንዘብ ነው። «ወንድሜ፣ አንተ የተደበቀ ነገር ታያለህ። ማን እንደወሰደው ንገረኝ» አለኝ።

«አላይም» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። ግን ደስ አለኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ክፍሉን በዓይኔ ቃኘሁና «ቆይ እስቲ» አልኩት። ዓይኔ አንድ የተኛ ልጅ ላይ አርፎ ነበር። እኔ ልብ አላልኩትም፤ እሱ ግን አየ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጠንቋይ ጋ ሄዶ የጠየቀ ሰው የ40 ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት እንደማያገኝ ነግረውናል፤ ሐዲሡ ሙስሊም ዘንድ አለ። ይህን ሐዲሥ ስሰማ ሁልጊዜ ስለ ጠያቂው ነበር የማስበው። የሚጠየቀው ሰው ወንበር ላይ በቀልድ ተቀምጬ እንደማውቅ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የፊርዐውንን ደጋሚዎች አስታውሱ። ቁርኣን በሱረቱል አዕራፍ የሠሩት ሥራ የሰዎቹን ዓይን ማታለል እንደነበር ይነግረናል። ገመዱና በትሩ የሚሄድ መሰለ። የሙሳ (ዐ.ሰ) በትር ግን የእነሱን በላችው። ማን ነው መጀመሪያ ሱጁድ የወረደው? ተመልካቹ አይደለም፤ እነሱ ራሳቸው ናቸው። ባለሙያ ስለሆኑ የሰው እጅ የት ድረስ እንደሚሄድና የት እንደሚያበቃ ያውቁ ነበር። ፊርዐውን እጅና እግራችሁን እቆርጣለሁ፣ እሰቅላችኋለሁ ብሎ ሲዝትባቸው እንኳ ወደ ኋላ አላሉም። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይህ ነው፦ ጠዋት ሰው ሲያታልሉ የነበሩ ሰዎች የሚያውቁትን እውነት ሳይደብቁ ተናገሩ።

ዑለሞቻችንም የእጅን ሥራ ያውቁታል። ፈኽሩዲን አል-ራዚ በተፍሲራቸው የሲሕር ዓይነቶችን ሲቆጥሩ ዓይንን በአንድ ነገር አዘናግቶ ሌላ ነገር በፍጥነት መሥራትን አንዱ አድርገው ጠቅሰውታል። አል-ጀውበሪ የተባለው የሻም ሰው ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የአጭበርባሪዎችን ዘዴ የሚያጋልጥ ሙሉ ኪታብ ጽፏል፤ ሐሰተኛ ሸይኾችን ሳይቀር አልማራቸውም።

ትርዒቱ ይፈቀዳል ወይ ካላችሁኝ፣ ከነጭራሹ የከለከሉ ዑለሞች አሉ። ውሸትና ቁማር ከሌለበትና የእጅ ቅልጥፍና መሆኑ በግልጽ ከተነገረ ያቀለሉም አሉ። እኔ እዚህ ፈትዋ አልሰጥም፤ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ከእህል ሻጩ ሐዲሥ ግን ማንም አያመልጥም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ከሥር እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሰውየው ዝናብ መታው አለ። ታዲያ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም አሉት፤ የሚያታልል ከእኛ አይደለም ብለውም ተናገሩ። ሰውየው አፍ አውጥቶ አልዋሸም። እርጥቡን ከሥር ብቻ ነው ያደረገው። እኔም ከሥር ያለችውን ካርታ ዝም ብዬ ነው ያለፍኳት።

በሦስተኛው ቀን ለሱብሒ አብረው የሚወጡት እነዚያ ሁለት ልጆች ለየብቻ ሲሄዱ አየሁ። ሆዴ ተረበሸ። ከሰዓት ያንኑ ካርታ መልሼ ተዋስኩና ዝምተኛውን ልጅ አስቀመጥኩት። «ከሥር ያለችውን ገልብጣት» አልኩት። ሁሉንም ቀስ ብዬ አሳየሁት፤ ከዚያ ራሱ እንዲሠራው አደረግኩ። ተሳካለት። አልሳቀም።

«ታዲያ እሱ አይደለም የወሰደው?» አለኝ።

«አላውቅም። ያን ማታም አላውቅም ነበር።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ሰላምታውን አልመለስኩለትም» አለ። ካርታውን እጄ ላይ አስቀመጠና ጫማውን መፈለግ ጀመረ።