የተላከ ሰውና ትንሹ ቁማር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ምእመናን ሆይ! የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ያመጣ ዘንድ ወደ ሩቅ አገር ተልኮ በደረሰ ጊዜ፣ ከረዥም መንገድ በኋላ ማዕድ ቀረበለት፤ እርሱ ግን የተላከበትን ነገር ሳይናገር እህል እንደማይቀምስ አስታወቀ (ዘፍ. 24፥33)። የነቢዩ የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ግን ሳይላክ እንደ ተላከ አስመስሎ፣ ከንዕማን ብርና ልብስ ተቀብሎ በቤቱ ሸሸገ (2ኛ ነገ. 5፥20-27)። ሁለቱም ከጌታቸው ዐይን ርቀው ነበር። ዳሩ ግን የአንደኛው ልብ ከላኪው ጋራ ነበረ፤ የሁለተኛው ልብ ከጌታው ተለይቶ ከብሩ ጋራ ነበረ። ከአገሩ ርቆ ለሥራ የሚሄድ ሰው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን መምሰሉ አይቀርም።

ይህን እንድጽፍ ምክንያት የሆነኝ አንድ የንስሐ ልጄ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለስብሰባ ወደ አሜሪካ፣ ላስ ቬጋስ ወደምትባለው ከተማ ልኮት ነበር። በተመለሰ ጊዜ ከቤቴ መጥቶ፣ «አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በዚያ ሳለሁ ማታ ማታ ፖከር ተጫውቻለሁ። የተጫወትሁት ትንሹን ነው፤ 64 ዶላርም አትርፌአለሁ። ለጧፍና ለዕጣን መግዣ ብሰጠው ምን ይላሉ?» አለኝ። ይህን የነገረኝ በኑዛዜ ጊዜ ሳይሆን በወግ መካከል ነው፤ ስሙ ሳይጠራ ለሌላው ትምህርት እንዲሆን እንድጽፈውም ፈቅዶልኛል።

አስቀድመን ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንመልከት፤ ሳይመረምሩ መውቀስ ፍርድ አይባልምና። ላስ ቬጋስ የምትገኝበት የኔቫዳ ግዛት ቁማርን በሕግ የፈቀደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 ዓ.ም. ነው። በከተማዪቱ ካሉት ታላላቅ ሆቴሎች የብዙዎቹ የቁማር አዳራሽ በምድር ቤቱ ስለ ሆነ፣ እንግዳው ወደ መኝታው ሲወጣም ሆነ ወደ ስብሰባው ሲሄድ በአዳራሹ መካከል ያልፋል። ፈተናው ሰውየውን ፈልጎ አይሄድም፤ በመተላለፊያው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

ፖከር በ52 ካርታ የሚጫወቱት ቁማር ነው። ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው ዓይነት ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይሰጠዋል፤ አምስት ካርታ ደግሞ በመካከል ለሁሉ ይገለጣል። ከሰባቱ የበለጠ አምስት ያገኘ፣ ወይም ሳይኖረው እንዳለው መስሎ ሌሎቹን ያስፈራራና ካርታቸውን ያስጣለ፣ የተከማቸውን ገንዘብ ይወስዳል። ትንሹ የሚባለው ለምሳሌ የ4 እና የ8 ዶላር ጠረጴዛ ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች በ4፣ በኋለኞቹ ሁለት ዙሮች በ8 ዶላር ልክ የሚያስይዙበት ነው። ስሙ ትንሽ ይባል እንጂ፣ በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ጊዜ መጨመር በተፈቀደበት ጠረጴዛ አንድ ሰው በአንድ ጨዋታ ብቻ እስከ 96 ዶላር ሊያስይዝ ይችላል።

የቁማሩ ቤትስ ከየት ያተርፋል? በፖከር ቤቱ ከተጫዋቾች ጋራ አይወዳደርም፤ ከተከማቸው ገንዘብ ላይ ድርሻውን ያነሣል እንጂ። በአንድ ሰዓት 30 ጨዋታ ቢደረግና ከየጨዋታው 4 ዶላር ቢነሣ፣ በሰዓት 120፣ በስምንት ሰዓት 960 ዶላር ከጠረጴዛው ይወጣል ማለት ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሲወስዱ ቢያድሩ፣ ሲነጋ በሁላቸው እጅ የሚገኘው ድምር ማታ ካመጡት ያነሰ ነው። ገበሬ አንድ ቁና ዘርቶ ብዙ ቁና ያፍሳል፤ ነጋዴም ዕቃውን ከተረፈበት ወደ ጎደለበት ያደርሳል፤ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን አንዲት ፍሬ አትጨመርም። አንዱ የሚያገኘው ሌላው ያጣውን ብቻ ነው።

የአገራችን ሰው ይህን አስቀድሞ ዐውቆታል። በቁማር የተሸነፈ ሰው «ተበላሁ» ይላል፤ ያሸነፈውም «በላሁት» ይላል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም እርስ በርሳቸው የሚነካከሱና የሚበላሉ ሰዎች መጨረሻቸው መጠፋፋት እንዳይሆን የገላትያን ምእመናን አስጠንቅቋል (ገላ. 5፥15)። ስለዚህ የንስሐ ልጄን፣ «64 ዶላር በላሁ ካልህ፣ ልጄ፣ ማንን በላህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

ጥቂት ዝም ካለ በኋላ እንዲህ ሲል ነገረኝ። በመጨረሻዋ ሌሊት ከፊት ለፊቱ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ካርታቸው በከፋ ጊዜ ሁሉ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ነበር፤ ይህን እንደሚያደርጉ ግን ራሳቸው አያውቁም። እርሱ ዐወቀባቸው። መነጽራቸውን ባወለቁ ቁጥር ገንዘብ እየጨመረ ካርታቸውን ያስጥላቸው ጀመር። «አባቴ፣ ሽማግሌው መነጽራቸውን ሲያወልቁ ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ። ከዚህ በኋላ ስለ 64ቱ ዶላር መናገር ተወ።

ምእመናን ሆይ! የነገሩ ክፋት በዚህ ይታወቃል። ክርስቲያን የወንድሙን ፊት የሚመለከተው ከሚያለቅስ ጋራ ሊያለቅስ፣ ደስ ከሚለውም ጋራ ደስ ሊለው ነው (ሮሜ 12፥15)። በዚያ ጠረጴዛ ግን የባልንጀራን ጭንቀት ከፊቱ ማንበብ የመብያ ጥበብ ይሆናል። ሰውየው 4 ዶላር ቢያስይዝ ወይም 4 ሺህ ቢያስይዝ ይህ አይለወጥም። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ልብ የሚማረው ትምህርት ግን ትንሽ አይደለም።

«ሽማግሌውስ ቢሆኑ ወደው አይደለም ወይ የተቀመጡት?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ማንም አላስገደዳቸውም። ነገር ግን ሰው በፈቃዱ ወደ ገደል ቢቀርብ፣ የሚገፋው ሰው ከበደል ነጻ አይሆንም። «ሐዋርያትስ ዕጣ ጥለው የለም ወይ?» የሚልም አይታጣም። ሐዋርያት ዕጣ የጣሉት ጸልየው፣ ፍርዱን ለእግዚአብሔር ሰጥተው ነው (የሐዋ. 1፥24-26)፤ የማንንም ኪስ አልተመኙም። በገንዘብና በንብረት ምኞት የተጣለውን ዕጣ ለማየት የወደደ ከመስቀሉ ሥር ያሉትን ወታደሮች ይመልከት (ዮሐ. 19፥24)። የዓለም መድኃኒት ከራሳቸው በላይ ተሰቅሎ ሳለ፣ ዐይናቸው በልብሱ ላይ ነበር። የሐዋርያት ቀኖናም በቁማር ጸንቶ የሚኖረውን ካህን ከሥልጣኑ እንዲሻር፣ ምእመኑንም ከአንድነት እንዲለይ ያዝዛል።

ደግሞ ጌታችን በጥቂቱ የማይታመን በብዙውም እንደማይታመን አስተምሮናል (ሉቃ. 16፥10)። የንስሐ ልጄ ሂሳቡን የቈጠረው በዶላር ብቻ ነበር፤ እኔ ግን ሌላውን እንዲቈጥር ነገርሁት። መሥሪያ ቤቱ የመኝታና የቀን አበል ከፍሎ የላከው፣ ሰምቶ እንዲመለስ ነው፤ እርሱ ግን በአራተኛው ቀን በስብሰባው መካከል እንቅልፍ ወሰደው። በአዲስ አበባ ሲነጋ በዚያ ምሽት ስለ ሆነ፣ ሚስቱ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ሳትሰድ በፊት ድምፁን እንዲሰሙ ብላ ትደውል ነበር፤ እርሱ ካርታ ይዞ ስልኩን ዘጋባት። በዚያች ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ የተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናትም አሉ፤ እርሱ ግን እሑድ በዚያ ውሎ ቅዳሴ የት እንደሚቀደስ አልጠየቀም። እንግዲህ ያተረፈው የትኛው ነው?

ስለ 64ቱ ዶላር የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። ይሁዳ የጣለውን ብር የካህናት አለቆች እንኳ በመባ ሣጥን ሊያገቡት አልደፈሩም (ማቴ. 27፥6)፤ እኛማ እንዴት ጧፍ እንገዛበታለን? ባለቤቱ ቢታወቅ መመለስ ይገባ ነበር፤ ዘኬዎስ የበደላቸውን አራት እጥፍ ሊመልስላቸው ተነሥቷልና (ሉቃ. 19፥8)። ባለቤቱ ካልታወቀ ግን ለተራበ ሰው ይሰጥ፤ ሰጪውም እንደ ሰው አደራ ይቍጠረው እንጂ በራሱ ምጽዋት አይመካበት። በእንቅልፍ ያለፈበትን ሥራ በትጋት ይካሥ። ለሚስቱ እውነቱን ይንገራት። ከዚያም ለኑዛዜ ይምጣ። ዳግመኛ ወደ ሩቅ አገር ቢላክ፣ በደረሰ ዕለት አስቀድሞ ቤተ ክርስቲያንን ይጠይቅ። ልተው እያለ መተው ያቃተው ደግሞ አይፈር፤ የዓለም ጤና ድርጅት የቁማር ሱስን ከሕመሞች ዝርዝር አግብቶታልና፣ ከካህኑ ጸሎት ጋራ የሐኪምን እርዳታ ይሻ።

የአብርሃም ሎሌ ከመንገዱ በተመለሰ ጊዜ ያደረገውን ነገር ሁሉ ለይስሐቅ ነገረው (ዘፍ. 24፥66)። ግያዝ ግን ጌታው ከወዴት እንደ መጣ ሲጠይቀው፣ የትም አልሄድሁም ብሎ ካደ። ወዳጆቼ፣ የመንገዳችን መፈተኛ ይህ ይሁን፤ ስንመለስ በሙሉ ልንናገረው የማንደፍረውን፣ በሄድንበት አናድርገው። እኛ ሁላችን ወደዚህ ዓለም ለጥቂት ቀን የተላክን ነንና፣ ስንመለስ ላኪያችን ከወዴት እንደ መጣን ይጠይቀናል። ያን ጊዜ የምንሰጠው መልስ የአብርሃም ሎሌ መልስ እንዲሆን፣ አምላከ አበው በቸርነቱ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።